አሳማሪው እናቱን ሲፈልግ

የአክስቴ ባል ፎቶ አንሺ ነው፤ ፊት ግን አይወድም። ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚታየው መጥፋት ያለበት ነገር ነው። ብጉር፣ ማድያት፣ ጠባሳ፣ የጠመመ አፍንጫ፣ ከዓይን ሥር የተንጠለጠለ ድካም። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል ጋሼ ግማሽ ፊቱን በልቡ ደምስሶ ጨርሷል። ይህን ሥራውን «ማጽዳት» ይለዋል። «ቀና በል፣ አትሳቅ፣ የቀረውን እኔ አጸዳዋለሁ» ማለት ልማዱ ነው። ሰፈሩ «አሳማሪው» ብሎ ስም አወጣለት። እያፌዙበት መሆኑ አልገባውም፤ ስሙን በፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ በቀይ ቀለም አጻፈው።

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው። ከፊት ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ቀጥሎ መጋረጃ፤ ከመጋረጃው ጀርባ መብራቶቹና ተጠቅልለው የሚወጡ የሚወርዱ ሸራዎች፦ ፏፏቴ የተሳለበት፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ የተሳለበት፣ ምንም የሌለበት ሰማያዊ። ሚስማር ላይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ከፊት ሲያዩት ኮት ነው፤ ከኋላ ግን ለወፍራም እንዲበቃ ተተርትሮ በላስቲክ ተያይዟል። ሥራ ፈላጊውም፣ ሙሽራውም፣ ፎቶው በኋላ ከሬሳ ሣጥኑ ፊት የሚቆመውም በዚያው ኮት ነው የተነሱት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ መለዋወጫ አለው። ጋራዥ ያለው ሰው የአሮጌ መኪና ዕቃ እንደሚያከማች እሱም ከደንበኞቹ የነቀለውን ጥርስ፣ ከንፈር፣ ጸጉርና አንገት ያከማቻል። በተለይ ከአንድ ጠበቃ ያገኘውን አንገት ይወደዋል፤ ቀጥ ያለ፣ መጨማደድ የሌለበት፣ ኩሩ አንገት። ጠበቃው ሳያውቀው የስንቱን ራስ ተሸክሞ እንደሚኖር ቢነገረው ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ግን ሰዎች ይወዱለት ነበር፤ እዚህ ላይ እሱን ብቻ መናቅ አድልዎ ይሆናል። በሩ ላይ ተሰልፈው፣ ከፍለው፣ የራሳቸውን ፊት አስፍቀው የሌላ ሰው ፊት ይዘው እየሳቁ ይሄዳሉ። ቅር ብሎት የሚመለስ እምብዛም ነው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ግን ለመታወቂያ የተነሳውን ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ አልቀበልም አሉኝ።»

«ለምን?»

«የታናሽ ወንድምህን ፎቶ ለምን ታመጣለህ አሉኝ።»

«ታናሽ ወንድም አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አለ ጋሼ። «የነሱ ነው። ቢሮ የሚውል ሰው ጥበብ አያውቅም።»

ምሽት ላይ ተከታታይ ድራማ ያያል። እዚያም ሥራው ማጽዳት ነው። ታሪኩ ባልጠበቀው በኩል የዞረ እንደሆነ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ይወረውረዋል። «ይሄ ውሸት ነው። በሕይወት እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም» ይላል። በሕይወት ምን እንደሚደርስ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ሕይወትን ሳያጸዳ አይቶ አያውቅም። እኔም ከዚህ በታች የምነግራችሁን ፈጥሬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ «ይቺን ቦታ አለዝቢያት፣ በዛች» ትሉኝ ነበር። አልፈጠርኳትም። እንዲህ ያለ ነገር የመፍጠር ድፍረትም የለኝም።

እናቱ አብራቸው ትኖራለች። ዕድሜዋን የገፋችው በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ የሕሙማን አንሶላ ስታጥብ፣ ስትጨምቅ፣ ስታሰጣ፣ ስታጣጥፍ። ጋሼ ለሰው ሲያወራ «እናቴ ሆስፒታል ነበር የምትሠራው» ይልና ጥቂት ዝም ይላል፤ ሰሚው ነርስ ነበረች ብሎ እንዲያስብ ጊዜ ሲሰጠው ነው። ፊቷ ግን ምንም አይደብቅም። የግራ ዓይኗን ሞራ ጋርዶ አንጥቶታል። በዚያው በኩል ቅንድቧን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ አለ፤ የመጭመቂያው ማሽን እጀታ አንድ ቀን ተስፈንጥሮ መትቷት ነው። ከላይ የፊት ጥርሷ አንዱ የለም። ስትስቅ በዚያ ክፍተት ምላሷ ብቅ ይላል፤ እሷ ደግሞ መሳቅ ትወዳለች።

አእምሮዋ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወጣ ገባ ማለት ጀምሯል። አንዳንድ ቀን ልጇ ትልቅ ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትንሽ ልጅ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው ያለው። እጆቿ ግን ምንም አልረሱም። ያገኘችውን ጨርቅ ሁሉ ታጣጥፋለች፦ ፎጣውን፣ የኮምፒውተሩን መሸፈኛ፣ ወንበር ላይ የተተወውን የደንበኛ ሹራብ። በር አጠገብ ባለችው ወንበሯ ተቀምጣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚወጣውን ሁሉ ትጠይቃለች።

«አጠበሽ?»

«አዎ እማማ» ይሏታል ለሳቅ።

«በይ ጎሽ። ስትደርቂ እንተኩስሻለን።»

እሷንም አጽድቷታል። አንድ ክረምት ሙሉ ሥራ ሲቀዘቅዝበት እናቱን ሰማያዊው ሸራ ፊት አስቀምጦ አነሳትና ያሳምራት ገባ። ጠባሳውን አጠፋ። መጨማደዱን አለሰለሰ። የጎደለውን ጥርስ ከአንዲት ሙሽራ አምጥቶ ሞላ፤ ከዚያችው ሙሽራ የዕንቁ ሐብል ተዋሰላት። አንገቷ ላይ የጠበቃውን አንገት አደረገላት። ነጩን ዓይን የሚያደርገው ቢያጣ ደህናውን የቀኝ ዓይን ገልብጦ በግራው ቦታ ለጠፈው። ከዚያ በትልቅ ፍሬም አሠርቶ ደንበኛ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቀላት።

አክስቴ ቆማ አየችው። «ቆንጆ ናት» አለች። «ማን ናት?»

ጋሼ ለሁለት ቀን አኮረፋት።

እማማ የጠፋችው አክስቴ ጥርሷን ልትነቀል በሄደችበት ቀን ነው። እኔ በማግስቱ ነው ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁት፤ የመጀመሪያውን ቀን የማወራላችሁ አክስቴ እንደነገረችኝ አድርጌ ነው። ከመውጣቷ በፊት «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ከሷ እንዳይነቀል» ብላው ነበር። እሱ ግን የዚያን ቀን ትልቅ ሥራ ይዟል። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ቢሮው ውስጥ የሚሰቀል ምስል አዝዞታል፤ ራሰ በራ ነው፣ «ልከኛ ጸጉር ይኑረኝ» ብሏል። ጋሼ ለዚያ ራስ የሚሆን ጸጉር ሲያማርጥ እናቱ ከኋላው ቆማ «ልጄ፣ ወጣ ብዬ ልምጣ» አለችው። «እሺ እማዬ» አላት፤ ዞርም አላለ። ይህን የሰማው ተራ ሲጠብቅ የነበረ ደንበኛ ነው። ጋሼ ራሱ እስከ ዛሬ «ሳትነግረኝ ወጣች» ነው የሚለው።

አክስቴ ጉንጯ አብጦ፣ ጥጥ ነክሳ ስትመለስ የእማማ ወንበር ባዶ ነው። ወደ ወንበሩ ጠቆመች። ጋሼ ጓሮ ያለች መስሎት በእጁ ጓሮውን አሳያት። ጓሮ የለችም። መኝታ ቤት የለችም። ጎረቤት የለችም። አክስቴ በዚያ በደነዘዘ አፏ ሆስፒታሉ ድረስ በእግሯ ሮጠች፤ እማማ የድሮ ሥራዋ ሄዳ ይሆናል ብላ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ፈርሶ መጋዘን ሆኗል፤ እማማን ያያት የለም።

ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ጋሼ ፍሬሙን ከግድግዳ አውርዶ በብብቱ ይዞት ነበር። ፖሊሱ ተቀብሎ ትክ ብሎ አየው።

«እናትዎ ናቸው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ እህትዎ መስላኝ።»

ጋሼ ፈገግ አለ። እናቱ ጠፍታበት፣ ዝናብ እየመጣ፣ ፈገግ አለ። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን እንኳ አላሳደገችም፤ የሰለቻት ሰው አነጋገር ነበር።

«ልዩ ምልክት አላቸው?» አለ ፖሊሱ።

«የላትም።»

አክስቴ ጥጡን እንደነከሰች አጉረመረመች። በጣቷ ቅንድቧን ለሁለት ሰነጠቀች፣ በመዳፏ አንድ ዓይኗን ጋረደች፣ እስክሪብቶ ስጡኝ ብላ እጇን ዘረጋች።

«ጥርሷን አሟት ነው» አለ ጋሼ ለፖሊሱ፤ ክንዷን ይዞ አወጣት።

ቤት ሲመለሱ የሚለጠፈውን አዘጋጀ። «አፋልጉኝ» የሚለውን በሚያምር ፊደል ጻፈ፤ ከሥሩ ፎቶውን አስገባ፤ ዳር ዳሩን በጽጌረዳ ሐረግ አስጌጠው። የሠርግ ጥሪ ይመስላል። አክስቴ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ጠባሳዋን ጻፍ፣ ዓይኗን ጻፍ» ብላ አቀረበችለት።

«የእናቴን ጉድለት በየግንቡ ላይ አልለጥፍም» አለ። «ክብር አላት።»

ክብሯን አትሞ በመናኸሪያው፣ በፋርማሲዎቹ፣ በገበያው በር ለጠፈው። እማማ ያን ሌሊት የት እንዳደረች ያኔ አልታወቀም። አክስቴ ትኩሳት ይዟት አደረች። እሱ ደህና እንቅልፍ ተኛ አልልም፤ አልተኛም። ግን ሲነጋ ያገኘሁት ኮምፒውተሩ ፊት ነው፤ ለተጨማሪ ወረቀት ብሎ የእናቱን ከንፈር ትንሽ ቀላ ሲያደርግ።

ስደርስ ሁለት ጎረምሶች አንዲት ሴትዮ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ወደ ፎቶ ቤቱ እያስገቡ ነበር። ሴትዮዋ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ዘንጣለች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃለች፣ ተናዳለች።

«አገኘናቸው ጋሼ» አለ አንደኛው። «እኔ አይደለሁም ይላሉ። እንደዚህ ዓይነት ሕመም እንደሆነ እናውቃለን።»

«ልጆች፣ ልቀቁኝ ብያለሁ። ሥራ ረፍዶብኛል።»

«አይዞዎት እማማ፣ ቤትዎ ደርሰዋል።»

«የምን እማማ! ማን ነው እማማ?»

ርዕሰ መምህርቷ ግድግዳው ላይ የተመለሰውን ፍሬም አየችና ቀረብ አለች። ንዴቷ ትንሽ በረደ። «ይህች እኮ ከእኔ ታንሳለች» አለች። ጋሼ ስላስቸገሯት ይቅርታ ጠየቀ፤ እስከ በሩ ሸኛት፤ በሩ ላይ ደግሞ «ፊትዎ ለፎቶ የሚሆን ነው፤ ትንሽ ቢጸዳ» አላት። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አክስቴም ሰማች። ጥጡን ከአፏ አውጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ የመንገድ ጫማ አደረገች።

«ተነሱ» አለች። «አሁን አፍ አለኝ።»

መናኸሪያው በሰውና በጭስ ተሞልቷል። ረዳቶቹ የየአገሩን ስም ይጣራሉ፤ ሻንጣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ ይወጣል። መግቢያው ላይ የተዘረጋ ላስቲክ ላይ ካልሲና ጃንጥላ የምትሸጥ ሴት አለች። ጋሼ ወረቀቱን ሊያሳያት ዘረጋ፤ አክስቴ እጁን መታ አድርጋ መለሰችው።

«እህቴ፣ አንድ አሮጊት ጠፍተውብን ነው። የግራ ዓይናቸው ነጭ ነው። እዚህ ጋ ቅንድባቸውን የሰነጠቀ ጠባሳ አለ። የፊት ጥርስ የላቸውም። ጨርቅ ካገኙ ያጣጥፋሉ።»

«የምታጣጥፈዋ?» አለች ካልሲ ሻጯ ወዲያው። «ውይ፣ እሷማ እዚሁ ናት። ከትናንት ጀምራ ካልሲዬን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አጣጥፋልኛለች። ይኸው እይው። ገበያዬ ደርቶ ዋለ። ሌሊቱን የሴቶች መጠበቂያ ክፍል ነው ያደረችው፤ ጥበቃዋ የራሷን ብርድ ልብስ ሰጠቻት።»

አክስቴ የካልሲውን ሣጥን ተደገፈች። «ታዲያ ለምን አትደውሉም?» አለች። «ወረቀቱ እኮ ፊት ለፊታችሁ ነው የተለጠፈው። ስልክ አለበት።»

ካልሲ ሻጯ ግራ ገብቷት አየቻት። «ምን አገናኘው? ወረቀቱ እኮ ሌላ ነው። እሷ ናት የምትፈልጋት።»

«ማንን?»

«ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሴትዮ። ዘመዷ መሆኗ ነው፤ አሳዝናን አይተን አልቅሰናል። ከትናንት ጀምራ አላፊ አግዳሚውን እየያዘች ስትጠይቅ ነው የዋለችው።»

ወደ ትኬት መቁረጫው መስኮት ዞርን። እማማ ከወረቀቱ ሥር ቆማለች። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ጭቃ አለ። አንዱን ወረቀት ነቅላ፣ ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ በአራት አጣጥፋዋለች፤ የእሷ አጣጠፍ፣ ጠርዙ ከጠርዙ የገጠመ። አንድ ሻንጣ የያዘ መንገደኛ እጅጌውን ይዛ ታሳየዋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ትለቀውና ሌላ ትይዛለች።

እኔ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ። ሰው ራሱን የሚፈልግበት ጽሑፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ከባድ ነገር እያሰበ ነው የሚፈልገው። ጭቃ የነካ ቀሚስ ለብሶ፣ እጅጌ እየያዘ፣ «እባክህ አይተሃታል?» እያለ የሚፈልግ አላጋጠመኝም ነበር።

ጋሼ ሮጦ ደረሰ። እሷ እሱንም እጅጌውን ያዘችው።

«ልጄ፣ ይቺን ሴትዮ አይተሃታል?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«አንተማ አንተ ነህ። እኔ የምጠይቅህ ስለሷ ነው።»

«አንቺ እኮ ነሽ! ፎቶው ያንቺ ነው።»

እማማ ሳቀች። ምላሷ በክፍተቱ ብቅ አለ። ወረቀቱን ወደ ደህና ዓይኗ አስጠግታ እንደገና አየችው። «እኔ? እኔ ዓይኔ አንድ ነው። ይቺ ሁለት ነው ያላት፤ ሁለቱም የቀኝ ናቸው። ምስኪን። በዚህ ዓይኗ እኮ ነው መንገዱ የጠፋባት።»

ሰው ከበበን። ካልሲ ሻጯ ዕቃዋን ትታ መጣች፤ አንድ ተሸካሚ ጀርባው ላይ ጆንያ እንደተሸከመ ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ እማማን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ይሄ የእማማ ፎቶ ነው?»

«ነው» አለች አክስቴ።

«ኧረ ተዪ። ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

ሁሉም ጋሼን አየው፤ ፎቶ አንሺ መሆኑን ስላወቁ ሳይሆን ደንግጦ ስለነበር ነው። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌላ ሰው ነው ያነሳት» አለ። «ድሮ። የማላውቀው ሰው።»

ያን ክረምት ሙሉ የደከመበትን፣ ፍሬም አሠርቶ የሰቀለውን፣ አክስቴን ያኮረፈበትን ሥራ አላውቀውም አለ። አክስቴ ወደ እሱ አልዞረችም። ብትዞር ይሻለው ነበር።

ከዚያ ለመጨረስ ቸኮለ። የእናቱን ክንድ ይዞ ጎተተ። «በይ ነይ፣ እንሂድ።» እማማ ጮኸች፤ ሴትዮዋ ሳትገኝ አልሄድም፣ አንድ ሰው እዚህ ሆኖ ሊጠብቃት ይገባል አለች። ጩኸቷን ሰምታ የመጠበቂያው ክፍል ጥበቃ መጣች፤ ሰፋ ያለች፣ ዱላ የያዘች ሴት። ጋሼና እናቱ መካከል ገብታ ቆመች።

«ማነህ አንተ?»

«ልጇ ነኝ።»

«ልጅ አለዎት እማማ?»

«አለኝ» አለች እማማ። «ትምህርት ቤት ነው።»

ጥበቃዋ የጋሼን ሽበት አየች። «ትምህርት ቤት ነው እያሉህ ነው።»

«አእምሮዋ ትንሽ ታሟል። ልጇ ነኝ እልሻለሁ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ብርድ ልብሴን አልብሼ ያሳደርኳትን ሴት ለመጣ ሁሉ አልሰጥም። ፎቷቸውን አሳየኝ።»

ጋሼ ያለው ወረቀቱ ነው። ዘረጋላት።

«ይቺን አላውቃትም» አለች። «እኔ የማውቀው እሳቸውን ነው። ስልክህ ላይስ የለም?»

ስልኩን አወጣ። ገለበጠ፤ ገለበጠ። በበዓል ቀን ያነሳት አለ፤ ጸድታለች። ከአክስቴ ጋር የተነሳችው አለ፤ ሁለቱም ጸድተዋል። በአንዱ ፎቶ ላይ እናትየዋ ከሚስትየዋ ታንሳለች። ጥበቃዋ እያየች ራሷን ነቀነቀች። የአክስቴ ስልክ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው፣ ፎቶ አያነሳም። እኔም የኔን ፈለግሁ፤ የእማማ የለኝም። አክስቴ ምራቷ መሆኗን ብትምልም «እናንተ አብራችሁ ነው የመጣችሁት» ተባለች። ፎቶ አንሺ ልጅ ያላት ሴት በምድር ላይ የራሷ የሆነ አንድ ፎቶ አልነበራትም።

ሰውየው እዚያ ላይ ነው የምር የፈራው። ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑ ከእናቱ ወደ ጥበቃዋ፣ ከጥበቃዋ ወደ ዱላዋ ሄደ። ትንሽ አዘንኩለት፤ ትንሽ።

ጥበቃዋ እማማን ዞር ብላ ተመለከተቻት፤ ሻሹን ገፍተው ግራና ቀኝ የወጡትን ትልልቅ ጆሮዎቿን አየች። ከዚያ ጋሼን አየች። ጋሼ ክረምት ከበጋ እስከ ቅንድቡ የሚወርድ የሱፍ ኮፍያ ያደርጋል።

«ኮፍያህን አውልቅ።»

«ምን?»

«ጆሮህን ልየው።»

ለምን ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ብርድ አለ፣ ሰው አለ። ተሸካሚው «አውልቅ እንጂ ጋሼ፣ እናት እኮ ነው» አለው። አወለቀ። ሁለቱ ጆሮዎቹ በመናኸሪያው መካከል ተዘረጉ፤ ከእናቱ ላይ ቆርጠው የለጠፉበት ነው የሚመስለው። በራሱ ፎቶ ላይ ሁሉ አሳንሷቸው፣ ጠጋ ጠጋ አድርጓቸው ነበር፤ አክስቴ እንኳ አግብታው ነው ያየቻቸው። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። እማማ ግን አልሳቀችም። ደህናዋን ዓይኗን አጥብባ አየችው፣ እጇን ዘረጋች፣ የግራ ጆሮውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«አንተ ጆሮ» አለችው። «ማን ለቀቀህ ከትምህርት ቤት?»

ጋሼ ጎንበስ አለ፤ ጆሮው ተይዞ ከዚያ ሌላ ማድረግ አይቻልም።

«ዛሬ ትምህርት የለም እማዬ» አለ።

«ውሸታም» አለችው፤ ግን አልለቀቀችውም።

ጥበቃዋ ዱላዋን ብብቷ ውስጥ ከተተች። «ውሰዱ» አለች ለአክስቴ። ለሱ አልነበረም ያለችው።

አንድ ነገር ቀረ፦ እማማ አሁንም አልሄድም አለች። ልጇ መጥቶላታል፣ ጥሩ ነው፣ አብረው ሴትዮዋን ይፈልጋሉ። ጋሼ እንደገና ሊያስረዳት ጀመረ፤ አንቺ ነሽ፣ እሷ አንቺ ናት። አክስቴ ገፋ አድርጋው አለፈች።

«እማማ፣ ሴትዮዋ እኮ ተገኘች።»

«ተገኘች? የት?»

«ቤቷ ገብታለች። አሁን ነው የሰማነው።»

«ማን አገኛት?»

«ልጇ።»

እማማ እፎይ አለች። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግማ አጣጥፋ ለካልሲ ሻጯ ሰጠቻት። «የተባረከ ልጅ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው?»

ልጇ ኮፍያውን እያደረገ ነበር።

በሳምንቱ ፎቶ ቤት ውስጥ ታሪኩን ሲያወራ ሰማሁት። አዲሱ ታሪክ እንዲህ ነው፦ ሌሊት በሕልሙ እናቱን አየ፤ ሲነጋ ልቡ ወደ መናኸሪያ መራው፤ ከሩቅ ስታየው ስሙን ጠርታ ሮጣ አቀፈችው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ጆሮ የለበትም። ጥበቃ የለችበትም። ፎቶውማ ጭራሽ የለም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ደንበኛ በመሐረብ ዓይኗን ጠረገች።

«ለምን የሆነውን አትነግራቸውም?» አለችው አክስቴ ሴትዮዋ ስትወጣ።

«ማን ያምነኛል? ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ያውቃል? የሚታመን ነገር ነው የሚወራው።»

«ሕልም አይቼ ልቤ መራኝ የሚለው ነው የሚታመነው?»

«እሱን ሁሉም ያምነዋል» አለ። እውነቱን ነው። ሁሉም አመነው።

አክስቴ የተጨቃጨቀችው ስለ ወሬው አልነበረም። እማማ እንደገና ትወጣለች፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ፎቶ ትነሳ አለች። ሳትጸዳ፣ እንዳለች። ጋሼ እሺ አለ፤ አነሳት፤ ሸራ እንኳ አላደረገም። ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው ግን አክስቴ ከኋላው ቆማ የኮምፒውተሩን ሶኬት በእጇ ይዛለች።

«አንዲት ነገር ብትነካ እነቅለዋለሁ።»

«ጥላውን ብቻ…»

«እነቅለዋለሁ።»

«ጠባሳው ላይ ያረፈው ብርሃን ልክ አይደለም።»

ሶኬቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ መብራቱ ብልጭ አለ። ጋሼ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊት ሳይጸዳ ከዚያ ክፍል ወጣ፤ ነጭ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ቅንድብ፣ የጎደለ ጥርስ፣ ጆሮ። ሲታተም ፊቱን አዙሮ የጽሕፈት ጠረጴዛውን ያስተካክል ነበር። አንድ ቅጂ ለፖሊሱ ሄደ። አንዱን አክስቴ በእማማ ቀሚስ ውስጠኛ ኪስ ሰፋችው። አንዱን ለጥበቃዋ ወሰድንላት፤ እሷም ትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ፣ ጽጌረዳ ሐረግ ያለባት ሴትዮ ላይ ደርባ ለጠፈችው።

እማማ ከዚያ ወዲህም ሁለት ጊዜ ወጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ መናኸሪያው ነው የተገኘችው፤ ገና ካልሲ ማጣጠፍ ሳትጀምር ስልክ ይደወላል። የሚደውለው አንዳንዴ ጥበቃዋ ነው፣ አንዳንዴ ተሸካሚው፣ አንዳንዴ ስሙን የማናውቀው ረዳት። ሄዳ የምታመጣት አክስቴ ናት። ጋሼ በመናኸሪያው በኩል አያልፍም። ዕቃ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲሄድ እንኳ በሆስፒታሉ ጀርባ ዞሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው የሚሄደው።